አንድ ሜዳ፣ ብዙ ባንዲራ፦ የጋራ አየር ምድብ ታሪክ ከወሎ ደጋ ሲታይ

አጅባርን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። የተንታ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተምዕራብ ያለው ደጋ ላይ። ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ገብሱ፣ በጉ፣ ጉሙ። ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ መሬቱ ድንገት ያልቅና የበሽሎ ገደል ይጀምራል። ማዶ ያለው የደላንታ ደጋ ቅርብ ይመስላል፤ ሰው ብትጠሩ የሚሰማችሁ ይመስላል። በእግር እንሂድ ካላችሁ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ዳገቱን መውጣት ቀን ይፈጃል። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሳይንትና በቦረና አድርጋችሁ ወደ መካነ ሰላም ብትሄዱም ነገሩ ያው ነው፤ ደጋ፣ ገደል፣ ደጋ፣ ከዚያ የዓባይ ሸለቆ።

አሁን በዚህ ደጋ ላይ አንድ አውሮፕላን ሲያልፍ አስቡ። በሽሎን ለመሻገር የሚፈጅበት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ከታች ያለ ልጅ ቀና ብሎ ያየውና «የት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። የታሪክ ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ከየት ተነሣ? የተነሣበት ሜዳ የማን ነው? አጠገቡስ የማን አውሮፕላን ቆሞ ነበር?»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሜዳ ነው። በኛ አገር የጦር አውሮፕላኖች የሚኖሩበትን ቦታ «አየር ምድብ» እንለዋለን። አየር ምድብ የአንድ አገር፣ የአንድ ጦር ብቻ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። አንዱ አገር ሜዳውን ይሰጣል፣ ሌላው አውሮፕላኑን ያመጣል፣ ሦስተኛው መካኒኩን ይልካል፤ ጠዋት መንገደኛ የጫነ የሲቪል አውሮፕላን የተነሣበት መንደርደሪያ ከሰዓት በኋላ የጦር ጀት ይነሣበታል። አንዳንዴም፣ እንደምታዩት፣ በሌላ ቦታ ቢገናኙ የሚታኮሱ ሰዎች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ይቆማሉ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንረዳ። ለምንድነው ሜዳው ይህን ያህል ተፈላጊ የሆነው? አውሮፕላን ይበራል እንጂ አየር ላይ አይኖርም። ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ የሚተኛበት አልጋ የሚፈልግ አብራሪ አለው። ያለ ምድር አውሮፕላን ዋጋ የለውም። በተለይ የኢትዮጵያ ምድር ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚሸከመው አየር ከሳሳ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩም ከሳሳው አየር የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ጭነቱን ይቀንሳል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ አየሩ ይብስ ስለሚሳሳ ከባድ ጭነት ያለው አብራሪ ማለዳ መነሣት ይመርጣል። በተራራ አገር ረጅም፣ ጠንካራ፣ ደልዳላ መንደርደሪያ ያለው ሰው ብርቅ ነገር ይዟል ማለት ነው። እንግዳውም ይበዛበታል።

ኢትዮጵያ አውሮፕላን ያየችው ቀድማ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ አጠገብ ገፈርሳ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 የኢጣሊያ ወረራ ሲጀመር ከሰማዩ በኩል የሚመክት ኃይል አልነበረም ማለት ይቻላል። የወሎ ሰው ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ለመምራት ደሴ በሰፈሩበት ሰሞን፣ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ታዋቂ ፎቶ የዚያ ቀን ነው።

በዚያ ጦርነት በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ የሚያመላልስ አንድ ወጣት የስዊድን ባላባት ነበር፤ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን። (አክስቱን ያገባው ሰው፣ በኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ሄርማን ጎሪንግ ነው። ቤተሰብ አይመረጥም።) ይህን ስም ያዙት፤ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ይመጣብናል።

ጠላት ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባት። ከአሜሪካ የመጣው ጥቁሩ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ ከወረራው በፊትም አብሮን የነበረው፣ በ1936 ዓ.ም. ግድም ተመልሶ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሥራው ለስዊድኖች ተሰጠ። ፎን ሮዘን ከስዊድን አስተማሪዎችና መካኒኮች ጋር መጥቶ ቢሾፍቱ ላይ፣ ሐረር ሜዳ በሚባለው ቦታ፣ አየር ኃይሉን አቋቋመ። ሳፊር የተባሉ ትንንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች፣ ከዚያም ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች ከስዊድን ተገዙ። ሰውየው ጉራም ሙያም አልጎደለውም፤ በ1947 እ.ኤ.አ. አንዷን ሳፊር ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መሐል ላይ ሳያርፍ አብርሯታል።

ለምን ስዊድን? ይህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ቢመስልም የዘመኑን ብልሃት ያሳያል። ትልቅ መንግሥት አውሮፕላን ሲሰጥ ሜዳውንም ይፈልጋል። ስዊድን ግን ገለልተኛ ነበረች፤ በአፍሪካ ቀንድ የምትመኘው ወደብም ሆነ የጦር ሰፈር አልነበራትም። አዲስ ነፃ የወጣ አገር ሞግዚት ሳያበጅ ሙያ የሚማርበት መንገድ ነበር።

ብልሃቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቦምብና ጀት ውድ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ሁለት ስምምነት በአንድ ቀን ፈረመች። በአንዱ አሜሪካ አስመራ ላይ ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ፣ በኋላ ቃኘው የተባለውን፣ ለ25 ዓመት አገኘች፤ በሌላው ኢትዮጵያ ወታደራዊ እርዳታ አገኘች። አንዱ የሌላው ዋጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የሚሰማው ቋንቋ ተቀየረ። ቲ-33 ማሠልጠኛ ጀቶች፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ኤፍ-86፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤፍ-5 መጡ። የኢትዮጵያ ኤፍ-86ዎች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮንጎ ድረስ ሄደው ከስዊድንና ከሕንድ የጦር አውሮፕላኖች ጋር አብረው ተሰልፈዋል። የትናንት ተማሪና የትናንት አስተማሪ በሌላ ሰው ሜዳ ላይ እኩል ቆመው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ 1969 መጣ። በሚያዝያ ደርግ ቃኘውን ዘጋ፣ የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች አስወጣ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ገባ። ፎን ሮዘን ያኔ 67 ዓመቱ ነበር፤ ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ መኪና ወደማይደርስባቸው ተራራማ ቦታዎች በትንንሽ አውሮፕላኖች እህል እየጣለ ሲረዳ ቆይቶ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጥቃት ሲደርስ እዚያው ሞተ። ከአየር ላይ እህል መጣል ይቻላል የሚለው ሐሳብ ግን አብሮት አልሞተም፤ እንመለስበታለን።

በዚያ ጦርነት የሆነውን ነገር ልብ ብላችሁ እዩት። ሶማሊያ የምትዋጋው በሶቪየት ሚግ ነው፤ ኢትዮጵያ በአሜሪካ ኤፍ-5። የኢትዮጵያ አብራሪዎች፣ በአሜሪካ ዘዴ የሠለጠኑት፣ ከቢሾፍቱና ከድሬዳዋ እየተነሡ ሰማዩን ተቆጣጠሩ። ሶቪየት ኅብረት ግን መሐል ላይ ወዳጅ ቀየረች። ከኅዳር 1970 ጀምሮ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖቿ መሣሪያ ያራግፉ ጀመር፤ የኩባ ወታደሮችና አብራሪዎች ተከተሉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ጦርነቱ ሲቋጭ የኢትዮጵያ አየር ምድቦች ሁለት ዓለም ተቀላቅሎባቸው ነበር።

ይህ በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ነው። እስቲ ራሳችሁን በመካኒኩ ቦታ አድርጉ። የአሜሪካው አውሮፕላን ከፍታውን በጫማ፣ ፍጥነቱን በኖት ይነግራችኋል፤ የሶቪየቱ በሜትርና በኪሎ ሜትር። የአንዱ ብሎን በኢንች፣ የሌላው በሚሊ ሜትር። የአንዱ መመሪያ በእንግሊዝኛ፣ የሌላው በሩስያኛ። የጋራ አየር ምድብ የሚፈተነው በመሪዎች ንግግር ብቻ አይደለም፤ ቁልፉ ብሎኑን ካልያዘ በቃ፣ አይይዝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ 1977 ዓ.ም.።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 የኬንያው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የሠሩት ዘገባ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ወሎ እየተራበ ነበር፤ መንግሥትና ረጂዎች ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር፣ አሁን ግን ዓለም አየ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ፣ ጥቅምት 24፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሁለት ሄርኩለስ አውሮፕላኖችን አዲስ አበባ ላይ አሰፈረ። ምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖቿን ላከች። ከሌላው ወገን ሶቪየት ኅብረት 12 አንቶኖቭ-12 አውሮፕላኖች፣ 24 ሄሊኮፕተሮችና 300 የጭነት መኪኖች አመጣች። ምሥራቅ ጀርመን አንቶኖቭ-26 ላከች፤ አብራሪዎቹ ወታደሮች ቢሆኑም አውሮፕላኖቹ የሲቪሉን አየር መንገድ፣ የኢንተርፍሉግን፣ ቀለም ተቀብተው ነበር። ፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ላከች።

ዘመኑን አስታውሱ። ይህ የቀዝቃዛው ጦርነት እጅግ ከከረረባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። በርሊን ላይ አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ ግንቡን ልሻገር ካለ ይተኮስበታል። ቦሌ ላይ ግን የሁለቱ ጀርመኖች አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ይነሡ ነበር። የእንግሊዝ ሄርኩለስና የሶቪየት አንቶኖቭ፣ ሁለቱም ጦር ሜዳ ላይ እርስ በርስ ለሚዋጉ ወታደሮች ስንቅ እንዲያመላልሱ የተሠሩ፣ ጎን ለጎን ስንዴ ይጭኑ ነበር። የመቆጣጠሪያ ማማው የኢትዮጵያ ነበር፤ ተራ የሚሰጠው እሱ ነው። የምሥራቅ ወይም የምዕራብ ሰልፍ ብሎ ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰልፍ ነው።

ሄርኩለሶቹ መጀመሪያ የሚያርፉት ሜዳ ባለበት ነበር፤ እንደ መቀሌና አክሱም። ግን የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋስ? የኛ ደጋ ችግሩ ይሄ ነው፤ አናቱ ደልዳላ፣ ዙሪያው ገደል። የረሃብተኛው መንደር ከመኪና መንገድ የቀናት መንገድ ይርቃል፤ አህያና በቅሎው ደግሞ በድርቁ አልቋል። ከ117 ዓመት በፊት የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲመጣ፣ ከአጅባር ሩቅ ወዳልሆነችው አምባ፣ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ከሁለት ወር በላይ ተጉዞ፣ 44 ዝሆን ይዞ ነበር። ገደሉ ከዚያ ወዲህ አልጠበበም።

ስለዚህ የፎን ሮዘን ሐሳብ በትልቁ ተመለሰ፤ እህሉን ከአየር መጣል። ያለ ጃንጥላ። ጃንጥላ ውድ ነው፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ ጆንያዎች አይታሰብም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ጆንያ ከ300 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ (የአየሩን ግጭት ለጊዜው እንተወው) መሬት እስኪደርስ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ሲደርስ በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ እየፈጠነ ነው። ይፈነዳል። ከ10 ሜትር ቢለቀቅስ? ወደ 1.4 ሰከንድ፣ የመውደቂያው ፍጥነትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ግድም። ይህን በሁለትና በሦስት ጆንያ የተደራረበ ስንዴ ይችለዋል። አውሮፕላኑ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ብንል ግን ጆንያውም ከሱ የወረሰው የፊት ፍጥነት አለው፤ በዚያች 1.4 ሰከንድ ውስጥ 85 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል፣ መሬት ነክቶም ይንከባለላል። ከ300 ሜትር ቢሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊጠጋ ነው። ገደል አፍ ላይ ላለች መንደር ይህ በማሳና በበሽሎ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስለዚህ አብራሪው ዝቅ ማለት ነበረበት፤ በጣም ዝቅ። ያንን ግዙፍ አራት ሞተር አውሮፕላን ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ አድርጎ በደጋው ሜዳ ላይ ይነዳዋል፤ የኋላው በር ተከፍቶ ጆንያዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ይዞራል፣ ደግሞ ይመለሳል። አየሩ ደግሞ ከላይ እንዳልነው ስስ ነው፤ ሞተሩ እንደ ባሕር ዳርቻው አይጎትትም። ስህተት የሚታረምበት ከፍታ የለም።

አሁን ደግሞ ሄሊኮፕተሮቹን አስታውሱ። ሄርኩለሱ ከመድረሱ በፊት የፖላንድ ሄሊኮፕተር ሰዎች ጭኖ ወደ ቦታው ይሄዳል። እነሱ ሜዳውን ያያሉ፣ ነፋሱን ይለካሉ፣ ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ከሁሉም በላይ ሰውና ከብቱን ከመውደቂያው ያርቃሉ። የተራበ ሰው እህል ሲወርድ አይቶ ወደኋላ እንዲል ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ከባድ ጆንያ ግን ይገድላል። ቦታው ሲጸዳ የእንግሊዙ ወይም የምዕራብ ጀርመኑ አውሮፕላን ይመጣል። እንዲህ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ከደቡብ ወሎ ጋር የሚዋሰነው የግሼ ራቤል ደጋ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ፖላንድ የዋርሶ ቃል ኪዳን አባል ናት፤ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን የኔቶ። አንዱ የሌላውን አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ እየመራ ነው። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ግንቡ መፍረስ ነበረበት።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። ግን ታሪክ ነው፤ አያቆምም።

የዚያኑ ዓመት፣ ከዚያው የአየር ኃይል ስብስብ፣ የሶቪየት አንቶኖቭ-12ዎች ሌላም ሥራ ነበራቸው። መንግሥት የሰፈራ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ፣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወሰደ፤ አብዛኛው ከወሎ ነው። አንዱ በፈቃዱ ሄደ፣ ሌላው ተገዶ። ብዙዎች የተጓዙት በአውቶቡስና በጭነት መኪና ሲሆን ሌሎች በአንቶኖቭ ተጫኑ። የአንቶኖቭ-12 የጭነት ክፍል እንደ መንገደኛ አውሮፕላን የአየር ግፊቱ የተጠበቀ አይደለም፤ ለዕቃ የተሠራ ነው። በረሃብ የደከመ ሰው፣ ሕፃንና ሽማግሌ፣ ታጭቆ እዚያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከላይ ስለ ስስ አየር ያልነውን ይዛችሁ አስሉት። በጉዞውና ከጉዞው በኋላ ብዙ ሰው ሞቷል።

ስለዚህ ያን ጊዜ ወሎ ውስጥ ልጅ የነበረ ሰው «አውሮፕላን» ሲባል ምን ይታወሰዋል? ለአንዱ ከሰማይ የወረደ ስንዴ ነው። ለሌላው አጎቱን ወስዶ ያልመለሰ ነገር። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነዳጁን የቀዱት ከአንድ አገር አየር ምድብ ነው። የጋራ ሜዳ ትልቁ ጣጣም እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ እንግዶቹ ስንዴ ይጭኑ እንጂ በሩን የያዘው ባለቤቱ ነው፤ ሌላ ምን እንደሚጫን የሚወስነውም እሱ ነው። ሶቪየቶች የማይወዱትን ምዕራባዊ እንግዳ የታገሡት፣ ምዕራባውያኑ ደግሞ ሰፈራውን እያዩ የቆዩት፣ ከሜዳው ከወጡ እህሉም እንደሚቆም ስላወቁ ነው። መቆየታቸው ትክክል ነበር ወይ? ከረጂ ድርጅቶች መካከል በዚሁ ጥያቄ የተጣሉ፣ የሐኪሞቹ ድርጅት የፈረንሳዩ ክፍልም ሰፈራውን በይፋ ነቅፎ በ1985 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአገር የተባረረ አለ። እኔ ብሆን ስንዴውን መርጬ እቆይ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ይህን የምለው ሆዴ ሞልቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንል በወር 15 ኪሎ ነው። 15 ቶን የጫነ አንድ ሄርኩለስ ታዲያ ለ1,000 ሰው የአንድ ወር ቀለብ ያደርሳል። የተራበው ሰው ቁጥር በሚሊዮን ሲሆን ስንት ምልልስ እንደሚያስፈልግ እናንተው አካፍሉት። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከዚያ የበለጠ ይጭናል፤ ነዳጁ ደግሞ የአውሮፕላኑ ቅንጣቢ ነው። አውሮፕላን ረሃብን አያቆምም። መንገድ እስኪደርስ ሰው እንዳይሞት ጊዜ ይገዛል። የተሠራው ሥራ ትልቅ ነበር፤ መንገድ ቢኖር ኖሮ ግን ያን ያህል ባላስፈለገ።

የጋራ ሜዳ ሌላም አደጋ አለው፤ የወዳጅህ ጠላት ያንተም ጠላት ይሆናል። ረሃቡ ለዓለም ከመታየቱ ከአምስት ወር በፊት፣ ግንቦት 13 ቀን 1976፣ የሻዕቢያ ኮማንዶዎች ሌሊት አስመራ አየር ምድብ ገብተው ከ30 በላይ አውሮፕላኖችን አወደሙ። ከወደሙት ውስጥ የሶቪየት ባሕር ኃይል ሁለት ኢሊዩሺን-38 አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ሥራቸው ቀይ ባሕርንና ሕንድ ውቅያኖስን መቃኘት ነበር፣ ከኤርትራው ጦርነት ጋር ብዙም ግንኙነት አልነበራቸውም። ሜዳውን ስለተጋሩ እሳቱንም ተጋሩ። ሲቪሉም ከዚህ አያመልጥም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ሌሊት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር ሮኬት ሲተኮስ የተመቱት አውሮፕላን ማረፊያዎች ነበሩ፤ ነጋዴው፣ ሙሽራውና ታማሚው የሚሳፈሩባቸው ሜዳዎች ለጦሩም ያገለግሉ ስለነበር።

ጎረቤታችን ጅቡቲ ይህን ንግድ አድርጋዋለች። የአሜሪካው ካምፕ ሌሞኒየር ከጅቡቲ የሲቪል አውሮፕላን ማረፊያ ጋር አንድ መንደርደሪያ ይጋራል፤ ፈረንሳይም ጃፓንም እዚያው አካባቢ አሉ። ያ ሁሉ ባንዲራ አንድ አስፋልት ላይ ሲያልፍ ግን ይጣበባል። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖቿን፣ ድሮኖቹን፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ለማራቅ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሻቤሊ ሜዳ አዛወረች። በኛም አገር ከ2011 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ድሮኖች ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሶማሊያን ይቃኙ ነበር። መንገደኛው አዞና ዓሣ ሊያይ ሲወርድ፣ ከመንደርደሪያው ወዲያ ሌላ ዓለም ነበር።

በድሮን ዘመን ደግሞ «ሜዳው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ተወሳስቧል። አብራሪው ሜዳው ላይ መኖር የለበትም፤ ምናልባት አገሩ ውስጥም የለም። አንዱ አገር ይሠራዋል፣ ሌላው ይገዛዋል፣ ከሌላ ቦታ ይነዳል። የደጋ ልጅ ዛሬ ድምፁን ሲሰማ ቀና ብሎ ቢያይም የሚያነብበው ባንዲራ ላያገኝ ይችላል።

መካነ ሰላምም የራሷ ድርሻ አላት፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ መለያ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ማረፊያ ሦስት የላቲን ፊደል አለው፤ አዲስ አበባ ኤ-ዲ-ዲ፣ መካነ ሰላምም ኤም-ኬ-ኤስ። ከባሕር ጠለል 2,600 ሜትር ላይ፣ ከቦሌም የሳሳ አየር ያለው ሜዳ። ወሎ ላይ ካላችሁ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በ1977 አሥር ዓመት የሞላቸው ሰዎች ዛሬ ሽማግሌ እየሆኑ ነው። እትዬንም ጋሼንም ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ ያን ጊዜ አውሮፕላን አይታችኋል? ምን ጫነ፣ ምን አወረደ፣ ማንንስ ወሰደ? ከጆንያው ላይ የተጻፈውን የሚያስታውስ ካለ ጻፉት፤ ጆንያውን እስከ ዛሬ ያስቀመጠ ካለ ደግሞ ፎቶ አንሡት።